ከጴጥሮስ ስም አጠገብ የተጻፈው ቃል

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረየሱስ፤
ናይሮቢ

እንደምን ከርመዋል? ዕድሜዎንም ጤናዎንም የሰጠዎት አምላክ ይጠብቅልዎ። እኛ ከሦስት ሁለት ሆነናል እንጂ ጤናችንስ አልጎደለም።

እኔ ፀሐይቱ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የገብረጊዮርጊስ ልጅ። ከዚህ ሲሄዱ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሁን ሃያ አምስት ሞልቶኝ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። አባባ ሲሞት የላኩልን የማጽናኛ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከእማዬ ሳጥን አልወጣም። መልስ ሳልጽፍ አምስት ዓመት መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ አሁንም የጻፍኩት ስለቸገረኝ ነው።

ይህን በፖስታ ያልላክሁት ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው። የሚያመጣው አቶ አብዱሰመድ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ነው፤ የጭነት መኪና እስከ ሞያሌ ይነዳል፤ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ የሚያደርስለት ዘመድ አለው። በእሱ እጅ ሲሆን በግልጽ ይጻፉልኝ። በፖስታ ሲሆን ግን የወንድሜን ስም አያንሡ።

ጴጥሮስ አምና ጥር ላይ ታሰረ። ሃያ ቀን አቆይተው ፈቱት። በተፈታ በሦስተኛው ቀን ጓደኛው ኃይለመለኮት ተያዘ። ያስታውሱታል፤ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት የእትዬ እንዳለች ልጅ ነው፤ ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው እንግሊዝኛ ያስጀመሯቸው። ከዚያ ወዲያ ጴጥሮስ ከሰው ጋር መነጋገር ተወ። መጋቢት ሦስት ቀን ጠዋት «ወሊሶ ዘመድ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ወሊሶ አልደረሰም። ሻሸመኔ አየሁት ያለን ሰው አለ። ከዚያ በታች የሚሄደው መንገድ ወደ እርስዎ አገር ነው።

የስደተኞች ስም የሚመዘገብበት ቢሮ ካለ ይጠይቁልኝ። ሌላ ምንም አላስቸግርዎትም። ጎረቤቱ «ቁርጣችሁን እወቁና አልቅሱ» ይለናል። እማዬ ግን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለመልበስ እምቢ ብላለች። «ልጄ መንገድ ላይ ነው» ትላቸዋለች።

አክባሪዎ ልጅዎ
ፀሐይቱ

ናይሮቢ
ጥር 4 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀሐይቱ ገብረጊዮርጊስ፤

የእናትሽን ቤት የሚጠብቅ አይተኛ። እኔ ከዓይኔ ድካም በቀር ደህና ነኝ፤ ያንኑ የመጻሕፍት መደብር ጠዋት ከፍቼ ማታ እዘጋለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ «ከአጥራችን ወዲያ» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያ አጥር አሁንም እንጨት ነው ወይስ በቆርቆሮ ተለወጠ? በረንዳው ላይ ሦስታችሁን አስቀምጬ ሳስተምር ከልደታ ሜዳ አውሮፕላን ሲነሣ ድምፁ እስኪያልፍ አፌን ዘግቼ እጠብቅ ነበር። እናንተ ካለፈም በኋላ «ገና ነው ጋሼ፣ ገና አላለፈም» ትሉኝ ነበር። እኔም የማምናችሁ እመስል ነበር። ከሰንጋ ተራ የሚያመልጥ በሬ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ደግሞ ትምህርቱ ለዚያ ቀን አለቀ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። አሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ያልሽኝን ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዲት ሴት ትልቅ መዝገብ ገልጣ በጣቷ እየወረደች ስሙን አገኘችው። ጴጥሮስ ገብረጊዮርጊስ፤ ዕድሜ ሃያ አንድ፤ ከአዲስ አበባ። ወደ መጠለያው የገባበት ቀን ተጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓምድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ሰፍሯል፤ «ሌፍት» ይላል። «ምን ማለት ነው?» አልኳት። «እዚህ የለም ማለት ነው» አለችኝና መዝገቡን ዘጋችው።

ከዚህ በላይ ልጽፍልሽ አልችልም። ድንበሩን በደህና መሻገሩን ለእናትሽ ለወይዘሮ ጠጅቱ ንገሪልኝ። እንዳያለቅሱ።

ገብረየሱስ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረየሱስ፤

እንደምን አሉልን? ዓይንዎንስ ተሻለዎት? የሚያመላልስልን ሰው መኪናው ጋራዥ ስለገባበት ዛሬ በፖስታ ጻፍኩ፤ ስለዚህ ጉዳዬ የትምህርት ነው።

ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ገብቻለሁ። የእንግሊዝኛ መምህራችንን አቶ ወልደአማኑኤልን «ሌፍት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በምን ዓረፍተ ነገር ውስጥ?» አሉኝ። «ብቻውን ተጽፎ» አልኳቸው። ሳቁና ሰሌዳውን ሞሉት። ግራ፤ ሄደ፤ ተወ፤ ተረፈ፤ ቀረ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ አንድ ቃል እንዴት ሄደም ቀረም ይሆናል?» ቢላቸው «ጎረቤቶቹን አይቶ ነዋ» አሉት። የእኔ ቃል ግን ጎረቤት የለውም።

ለእማዬ ስነግራት እሷም ሳቀች። «እኛስ ቀረ ስንል ሁለት አይደል? ሌላው ሲወጣ እሱ ቤት ቀረ እንላለን። ጠብቀነው ሳይመጣ ቀረም እንላለን» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ እኔም ሌላ ወሬ አመጣሁ።

እባክዎ ጋሼ፣ ድሮ በረንዳ ላይ እንደሚያደርጉት የዚህን ቃል ትርጉም ከነምሳሌው ጽፈው ይላኩልኝ። የትኛው ለየትኛው ጊዜ እንደሚሆን እንዳውቀው።

ፀሐይቱ

ናይሮቢ
ሰኔ 18 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀሐይቱ፤

በትምህርት ያበርታሽ። መልሴ የዘገየው ዓይኔን ሞራ ይዞት በመሰንበቱ ነው። ይህችን እንኳ የጻፍኩት ፊደሉን እየዳበስኩ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጠየቅሽኝን እኔ በቃል ነግሬ የሥራ ባልደረባዬ በሌላ ወረቀት ጽፎልኛል፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ቃሉ በጋዜጣ ላይ የሚወጣ ሌላ ትርጉምም አለው፤ እሱን አንቺም ሳትማሪው ታውቂዋለሽና አልጨመርኩትም።

ክረምቱ እዚያ ገብቷል? የልደታ ጭቃ ጫማ ያስቀር ነበር። እሱም ይናፈቃል ብል ትስቂብኛለሽ።

ገብረየሱስ

(አብሮ የመጣው ወረቀት)

ሌፍት፦ ግራ። ምሳሌ፦ ቤተ ክርስቲያኑን አልፈህ ወደ ግራ ታጠፍ።
ሌፍት፦ ሄደ። ምሳሌ፦ አውቶቡሱ በሁለት ሰዓት ሄደ።
ሌፍት፦ ረስቶ ሄደ። ምሳሌ፦ ጃንጥላውን ካፌ ውስጥ ረስቶ ሄደ።
ሌፍት፦ ተረፈ። ምሳሌ፦ ከአራቱ እንቁላል ሁለቱ ተረፈ።
ሌፍት፦ አወረሰ። ምሳሌ፦ ለልጆቹ ቤቱን አወረሰ።
ሌፍት፦ ጥሎ ሄደ። ምሳሌ፦ ጓደኛውን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ወጣ።

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ እንዳይቀየሙኝ። አቶ አብዱሰመድ ነገ ይነሣል።

በእርስዎ መደብር ውስጥ አማርኛ የሚጽፍ ባልደረባ ከየት መጣ?

ወረቀቱን ሥራ ቤት ከጨርቆቹ መካከል ዘርግቼ ሳነብ መስመሩ ሁሉ ወደ ቀኝ የተጎተተ ቀለም አለበት። የሚጽፈው እጅ ገና ያልደረቀውን እየጠረገ አልፏል። ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ደብተሩም የእጁ ጠርዝም ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። ረሱት ጋሼ? ግራኝ ነው ብለው በማስመሪያ የመቱት፣ አልሰማ ሲል ያንን እጁን በመቀነት ከወንበሩ ጋር ያሰሩት? አባባ መጥቶ ሲፈታው እርስዎ ለሁለት ቀን አኩርፈው ነበር።

ስድስተኛው ምሳሌም የእርስዎ አይደለም። እርስዎ ስለ አውቶቡስና ስለ ጃንጥላ ነው የሚያስተምሩት። ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ጓደኛ ማነው?

ለእማዬ አልነገርኳትም። እርግጠኛ ሳልሆን ተስፋ ሰጥቼ መልሼ መንጠቅ ፈራሁ። በአባባ ስም ለምኜዎታለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ እንዳይልኩልኝ።

ፀሐይቱ

ናይሮቢ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1972 ዓ.ም.

ልጄ ፀሐይቱ፤

አራት ወር ያስጠበቅሁሽ ስላፈርኩ ነው። ሰላምታ ለመስጠት እንኳ ፊት የለኝም።

ወንድምሽ በሕይወት አለ፤ ከእኔ ጋር ይኖራል። የመጣው ካቻምና ሰኔ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ። አንድ ረፋድ ላይ መጻሕፍት ስደረድር ከበስተኋላዬ «ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚህ አገር እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ዞር ሳልል ገብረጊዮርጊስ የመጣ መሰለኝ፤ ድምፁ የአባታችሁ ነው። ጫማው በገመድ ታስሮ ነበር።

በማግስቱ «ለእናትህ ልጻፍ» ስለው ተነሥቶ ቆመ። «ከጻፉ እሄዳለሁ» አለኝ። ምክንያቱን ለመናገር ሌላ ሁለት ወር ፈጀበት። በታሰረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን የኃይለመለኮትን ስም ሰጥቷል። ፈርሟል። በሁለተኛው ቀን ፈቱት። «ኃይለመለኮት ታስሮ እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ?» አለኝ። «እናቱ እኮ ከእናቴ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ደብዳቤዬ ሲነበብ ትሰማለች። ምርቃቷንም ትሰጠኛለች።» እንዳልጽፍም ይማሉልኝ አለኝ፤ ማልኩለት።

ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ታዲያ በመሐላዬና በእናንተ እንባ መካከል ገባሁ። ውሸት ላለመጻፍ ብዬ ቢሮው ሄጄ መዝገቡን አስከፈትኩ። የተጻፈው እውነት ነበር፤ መጠለያውን ለቆ ሄዷል፤ የሄደው ወደ እኔ ነው። ሌላውን ትርጉም እናንተ እንደሚመቻችሁ እንድትገምቱ ተውኩት። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ቃል በትክክል እንዲጠቀም ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በስተርጅናዬ በአንድ ቃል ተደበቅሁ።

ትርጉሙን ጻፍልኝ ስለው እሺ ያለው ለአንቺ መሆኑን እያወቀ ነው። አምስቱን ነገርኩት። ስድስተኛውን የጨመረው ራሱ ነው፤ ያኔ ዓይኔ ስለማያይ አላየሁትም። ደብዳቤሽን በገዛሁት አጉሊ መነጽር ሳነብለት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከመሐላዬም ያን ቀን ፈታኝ። ስለ እጁም ይቅርታ ጠየቅሁት። ያኔ ግራ እጅ የስንፍና እጅ ይመስለኝ ነበር። «እሱን ረስቼዋለሁ ጋሼ» አለኝ። አልረሳውም።

የሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ይበላል ግን ትንሽ ነው። አሁን የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ መምከር የምችልበትን ጊዜ አሳልፌዋለሁ።

ገብረየሱስ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረየሱስ፤ ለወንድሜ ለጴጥሮስም፤

ሰላም ለሁለታችሁ ይሁን። ደብዳቤው የደረሰኝ የካቲት ላይ ነው። ለእማዬ የዚያኑ ቀን መኖርህን ነገርኳት። ምድር ላይ ተቀምጣ «አላልኳችሁም?» አለች፤ ደጋግማ፤ ለጎረቤት ሁሉ እንደምትናገር ሆና። ሌላውን አልነገርኳትም። እትዬ እንዳለች ግን እየመጡ ከጎኗ ይቀመጣሉ፤ እኔ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። በመንገድ ሳያቸው የማልሄድበት ቦታ እሄዳለሁ። ጴጥሮስ፣ ልንገርህ፣ ሁለት ወር ሙሉ ተቆጥቼብህ ነበር። የምጽፍልህ ሁሉ ስድብ እየሆነ ቀደድኩት።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ኃይለመለኮት ተፈታ።

በእግሩ መጣ፤ ያነክሳል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሳመው። እኔ ከኋላ ቆሜ ቀረሁ። ትናንት ልደታ ስለነበረ እንደ ድሮው ሰፈሩ ንፍሮ ቀቅሎ ከአጥር ውጭ ተቀምጦ ሳለ ሰሐን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ከጴጥሮስ ወሬ አለ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ደህና ነው» አልኩት።

«ስለ እኔ ያነሣው ነገር አለ?»

ወደ ሰሐኑ አቀረቀርኩ። ንፍሮውን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለ። «ቃሉን ከነፊርማው አሳይተውኛል። ያ የተለቀለቀ ጽሑፉ ሌላ ሰው ነው አያሰኝም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። «ተይ፣ ሰው ያያል» አለኝ። «እሱ ከመያዙ በፊት እኔ አንድ ቀን ተጠርቼ ተመልሼ አልነበረም? ጠዋት ገብቼ ማታ ቤቴ ነበርኩ። እናቴ ስለት አስገባች። እንዴት ለቀቁህ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ እሱም አልጠየቀኝም።» እጁ ላይ ያለውን ንፍሮ ወደ ሰሐኑ መለሰው። «የእሱን ስም ነግሬያቸው ነው የወጣሁት፣ ፀሐይቱ። አልነኩኝም እኮ። ሊነኩኝ ነው ብዬ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን እሱን ወሰዱት። ያሰሩኝ ጊዜ በአንድ በኩል ቀለል ብሎኝ ነበር።»

እናቱ በዚያ በኩል ከእናታችን ጋር እየተሳሳቁ ነበር። «ልጻፍለት?» አልኩት።

«እኔ እንዳልኩት ጻፊለት። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ በይው። እሱ ሃያ ቀን ችሏል፤ እኔ አንድ ቀን አልቻልኩም። ከፈለገ አይጻፍልኝ። ለእናቱ ግን ይጻፍ።»

እንዳለው ጻፍኩልህ። ከራሴ የጨመርኩት የለም። ቁጣዬም ትናንት እዚያው አጥር ሥር ቀረ።

ፀሐይቱ

ናይሮቢ
ሐምሌ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀሐይቱ፤

ያቺን ደብዳቤ የጻፈ እጅሽ ይባረክ።

ጴጥሮስ መደብሩ ውስጥ ቆሞ አነበባት። ጨረሰና ከመጀመሪያው ጀመረ። ገዢ ገብቶ መዝገበ ቃላት ቢጠይቀኝ እኔም የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ለምን ያነክሳል? እግሩን ምን ሆነ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «አልጠየቅሁትም እኮ» አለ። «ያን ቀን እንዴት ለቀቁህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ደስ ብሎኝ ኳስ ልንጫወት ሄድን።»

ከዚያ ወረቀት ጠየቀኝ። ለኃይለመለኮት የጻፈውን አሽጎ ነው የሰጠኝ፤ አላነበብኩትም፤ ወፍራም ነው። አቶ አብዱሰመድ በእጁ ለእጁ ይስጥልን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእኔን ኮት ተውሶ ወጣና ፎቶ ተነሥቶ መጣ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። በጀርባው ላይ ያለው ለእናቱ ነው።

መምህርሽ አቶ ወልደአማኑኤል ያን ቃል እንደገና ካነሡት፣ ከትርጉሞቹ ሁሉ «ተረፈ» የሚለውን እንድታስቀድሚ የድሮ መምህርሽ ይመክርሻል። እኔም ዓይኔን ልታከም ነው። ልጁ ጎትቶ ሐኪም ቤት አስመዘገበኝ።

ገብረየሱስ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረየሱስና ለወንድሜ ለጴጥሮስ፤

አዲሱ ዓመት ዓይን የሚበራበት ይሁንላችሁ። ሁሉም በደህና ደርሷል። ኃይለመለኮት የእሱን ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባ፤ በማግስቱ መጥቶ ብዕሬን ተዋሰኝ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

እማዬ ፎቶውን ስሰጣት አልሳመችውም፤ አላለቀሰችም። ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው። «ኮቱ የእሱ አይደለም» አለች። ቀጥላ «ከስቷል። ገብረየሱስ ምን እያበላው ነው?» ብላ ተቆጣች። ጋሼ፣ የደረሰብዎትን አሳጥሬ ነው የጻፍኩት።

ጀርባውን ላንብብልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ፎቶውን ሸሸገችው። ከአምና ጀምሮ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ትማራለች፤ ከእትዬ እንዳለች ጋር አንድ ወንበር ላይ ናቸው። በጣቷ እየተከተለች «ለ... እ... ማ... ዬ» አለች። ቀለሙ የተጠረገበት ቦታ ስትደርስ አስቸገራት፤ «ይህ ልጅ አሁንም ጽሑፉ አልተስተካከለም» አለችና ቀጠለች። ሦስት መስመር ለማንበብ ረፋዱን ሙሉ ፈጀባት። እኔ ከሥራ ቀረሁ። ያነበበችውን ለእኔ አልነገረችኝም።

ከዚያ ወረቀት አምጪ አለችኝ። የምትለውን ልጽፍላት ሌላ ብዕር ሳነሣ ከእጄ ወሰደችው። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ አንድም ፊደል አላረምኩም።

ጴጥሮስ ልጄ። እኔ ጠጅቱ እናትህ ነኝ። በእጄ ጻፍኩ። እንዳለች ሰላም ብላሃለች። ልጇ ሁሉን ነግሮናል ደህና ናት። ብላ። ኮት ግዛ። እኔ አንባቢ ሆኛለሁ አንተ ጻፍ።